አንድ ሳህን የዶሮ ቆዳ

ቅዳሜ ጠዋት ዶርማችንን ስታጸጂ ከደብተሬ መሃል የወደቀችውን ቀጭን እንጨት ቆሻሻ መስላሽ ነው የጣልሻት። ለማያውቃት ሰው ቆሻሻ ትመስላለች። ከእርሳስ ትንሽ የምትረዝም የቀርከሃ ስንጥር ናት፤ ሹሉ ጫፏ በእሳት ጠቁሯል። ከመጣያው ውስጥ ሳወጣት የጮህኩብሽ ጩኸት እስካሁን ያሳፍረኛል። አንቺም ደንግጠሽ፣ «ለእንጨት ነው እንዴ እንዲህ የምትሆኚው?» አልሽኝ። እንጨቷን አፍንጫዬ አጠገብ ይዤ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። አምስት ዓመት አልፏታል፤ ግን ደህና አድርጎ ላሸተታት ሰው አሁንም የከሰል ጭስና የተቃጠለ ስብ ትሸታለች። ወይም እኔ እንደዚያ እንድትሸት እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

እናቴና አክስቴ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ በመካከላቸው ግን የአሥራ አራት ዓመት ልዩነት አለ። አያቴ ስትሞት አክስቴ የአምስት ዓመት ልጅ ስለነበረች ያሳደገቻት እናቴ ናት። ጸጉሯን የሠራችላት፣ ትምህርት ቤት ያደረሰቻት፣ ወጥ ያስተማረቻት እሷ ናት። አክስቴ እናቴን «እትዬ» ብላ ትጠራታለች፤ እናቴ ደግሞ ደስ ሲላት ብቻ «ልጄ» ትላታለች።

እናቴ በእኛ ሰፈር፣ በቡልጋሪያ፣ ዶሮ በመበለት የታወቀች ናት። ሠርግ ወይም ድግስ ያለበት ቤት ሁሉ ይጠራታል። አሥራ ሁለቱን ብልት ስታወጣ ቢላዋዋ አጥንት ነክቶ ሲንቋቋ ሰምቼ አላውቅም። ሕጓ ሦስት ነበር፤ መጀመሪያ ቆዳው ተገፎ ይጣላል፤ ከዚያ በሎሚና በጨው ይታሻል፤ ከዚያ ውኃው እንደ ምንጭ እስኪጠራ ድረስ ይታጠባል። ቆዳው ያልተገፈፈ ዶሮ በእኛ ቤት ምግብ አይባልም ነበር። አክስቴ ይህን ሁሉ የተማረችው በስምንት ዓመቷ፣ በርጩማ ላይ ቆማ ነው። ጨው መቅመስ ግን የአክስቴ ሥራ ነበር። እናቴ ወጥ ስትሠራ ማንኪያውን ወደ ኋላ ትዘረጋና ሳትዞር፣ «ቅመሽልኝ» ትላለች። አክስቴ ትቀምስና፣ «አንሶታል» ወይም «በቃው» ትላለች። እናቴ የራሷን ምላስ ሳይሆን የእህቷን ምላስ ነበር የምታምነው።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በነበርኩበት ዓመት አክስቴ ከምትሠራበት ቢሮ ወጥታ ካዛንቺስ፣ አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ የከፈተው ትንሽ ቤት ውስጥ ሥራ ጀመረች። ቤቱ በእንጨት የተሰካ ሥጋ እየተጠበሰ ከመጠጥ ጋር የሚቀርብበት ነበር። እናቴ ከዚህ ሁሉ የሰማችው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ካዛንቺስ እና መጠጥ ቤት። ያን ጊዜ በእኛ ሰፈር እነዚህ ሁለት ቃላት ከአንዲት ወጣት ሴት ስም ጋር ሲነገሩ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነበር።

«እትዬ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነኝ እኮ። ማለቴ ሥጋ ነው የምሰካው፤ በቃ ሌላ ነገር የለውም» አለቻት አክስቴ።

«ሰው በር ላይ ቆሞ የሚያየው ወጥ ቤቱን አይደለም» አለች እናቴ።

ቃል እየተመላለሱ ሄደው በመጨረሻ እናቴ፣ «ከእንግዲህ እጅሽን አልቀምስም» አለች። አክስቴ ያን ቀን ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር አልተነጋገሩም። የቤታችን ወጥ አንድ ቀን ጨው ይበዛበታል፣ አንድ ቀን ያንሰዋል። አባቴ ዝም ብሎ ይበላ ነበር።

እኔ ግን አክስቴን በድብቅ አገኛት ነበር። ትምህርት ቤቴ ስታዲየም አካባቢ ስለነበር ሐሙስ ሐሙስ በግማሽ ቀን ስንለቀቅ በመስቀል አደባባይ አድርጌ ሽቅብ ወደ ካዛንቺስ በእግሬ እወጣለሁ። ቤቱ ቆርቆሮው የዛገ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት ነበር። ታፔላ የለውም። ከደጁ ላይ አንድ ቀይ የወረቀት ፋኖስ ተንጠልጥሏል፤ ዝናብ ሲመጣ ዘበኛው ከወንበሮቹ በፊት የሚያስገባው እሱን ነበር። የሰፈሩ ሰው «ጃፓኑ ቤት» ይለዋል። መጥበሻው እንደ ቦይ ረዥምና ጠባብ ነበር፤ እኛ ሰፈር ያለ አንድ ጋራዥ ውስጥ በብየዳ የተሠራ ነው። ጠባብ የሆነው ሥጋው ፍሙ ላይ ሲሆን የእንጨቱ መያዣ ከእሳቱ ውጪ እንዲቀር ነው። ሽማግሌው ከፊቱ ቆሞ በአንድ እጁ እንጨቶቹን ያገላብጣል፣ በሌላው እጁ እንደኛ ቤት በሰፌድ ማራገቢያ ፍሙን ያራግባል። ከጎኑ አንድ ጥቁር እንስራ ነበር፤ ውስጡ ጥቁርና ጣፋጭ መረቅ አለ። መረቁ አያልቅም፤ በየቀኑ በላዩ ላይ አዲስ ይጨመርበታል እንጂ እንስራው ባዶ ሆኖ አያውቅም። አክስቴ ይህን ስትነግረኝ፣ «እንደ እርሾ በይው» አለችኝ።

ሰውዬው መንገድ ሊሠራ መጥቶ፣ መንገዱ ሲያልቅ የቀረ ነው። አማርኛውን የተማረው ከቀን ሠራተኞች ጋር በመሆኑ ለሁሉም ሰው ሰላምታው «በርታ!» ነበር። እኔንም ከበረንዳው ላይ ሲያየኝ «በርታ!» ይለኝና አንድ እንጨት ሥጋ ያቀብለኛል። ልብ ቀመስኩ፣ ጉበት ቀመስኩ፣ ከሽንኩርት ጋር የተሰካ ታፋ ቀመስኩ። አንድ ሐሙስ ደግሞ ምን እንደሆነ ሳይነግሩኝ አንድ ሌላ ነገር ሰጡኝ። እንደ ቆሎ ጥርሴ ሥር ተንኮሻኮሸ፤ ከዚያ ምላሴ ላይ እንደ ቅቤ ቀለጠ።

«ምንድን ነው?» አልኳት አክስቴን።

«ቆዳ ነዋ! የዶሮ ቆዳ» አለችና ፊቴን አይታ ሳቀች። «ለእትዬ እንዳትነግሪያት። እዚህ ቤት ከሥጋው በላይ የሚፈለገው እሱ ነው። ከአንድ ዶሮ የሚወጣው ጥቂት ስለሆነ ቀን በቀን እናጠራቅመዋለን።»

ይህን ልብ በይልኝ። እኔ አውቅ ነበር።

አንድ ሐሙስ አክስቴ ሽንኩርት እየላጠች፣ «እትዬ አንድ ቀን እንኳ መጥታ ብታየኝ» አለች። ከዚያ ወዲያው፣ «አትመጣም፤ ተያት» አለች። ያን ጊዜ እኔ ሰው ሁሉ ደስ እንዲለው የምፈልግ ልጅ ነበርኩ። አሁንም ያው ነኝ፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ቤት ገብቼ ለእናቴ፣ «አክስቴ ይቅርታ ልትጠይቅሽ ትፈልጋለች፤ እዚህ መምጣት አፍራ ነው እንጂ» አልኳት። ማታ እናቴን ነጭ ቀሚሷን ስትተኩስ አየኋት። በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ ለአክስቴ፣ «እማዬ ጥፋቱ የኔ ነው ብላለች፤ ቅዳሜ መጥታ ይቅርታ ልትጠይቅሽ ነው» አልኳት። አክስቴ ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ደጋግማ ጠረገች። «እውነትሽን ነው? ልጄ ሙች በይ!» አለችኝ። ልጅ ስለሌለኝ ማልኩላት።

እንደዚህ አድርጌ ሁለቱን ቀጠርኳቸው። ሲገናኙ ደስታው የኔን ውሸት ይሸፍነዋል ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በታክሲ እስከ ስታዲየም፣ ከዚያ በሌላ ታክሲ ካዛንቺስ ሄድን። እናቴ በመስኮት በኩል ትይዩ ያሉትን መጠጥ ቤቶች በሙሉ እያየች ሄደች። ጃፓኑ ቤት ደጅ ስንደርስ ዘበኛው ከበርጩማው ተነሣ። እናቴ ሰላምታ ሳትጨርስ፣ «ዶሮውን ማነው የሚባርከው?» አለችው።

«እኔ ነኝ እመቤቴ፤ ድሮ ዲያቆን ነበርኩ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ዘበኛ ነኝ።»

እናቴ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም ነበር።

አክስቴ ጸጉሯን ታጥባ፣ አዲስ ሽርጥ አድርጋ በረንዳው ላይ ጠበቀችን። እናቴ ይቅርታ እንደሚቀበል ሰው ቀጥ ብላ ተቀመጠች። አክስቴም ይቅርታ እንደሚቀበል ሰው ቀጥ ብላ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። እኔ በመሃላቸው ነበርኩ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ?»

«ተመስገን።»

ከሰሉ ሲንጣጣ ይሰማል። ከግቢው ውጪ አንድ ረዳት «ስታዲየም፣ ስታዲየም፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ሁለቱም ጀምሪ የሚል ዓይናቸውን አንዷ ሌላዋ ላይ እየጣሉ፣ አንዷም ሳትጀምር ስትቀር እኔን ያያሉ። እኔ የጠረጴዛውን እንጨት እቆጥር ነበር። ያዳነን ሽማግሌው ነው። ቢራና ብርጭቆ ይዞ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ ለእናቴ ግማሽ ብርጭቆ ቀዳላት። የራሱን ግን ሳይቀዳ ቆመ። እናቴ ግራ ገብቷት አየችኝ።

«እዚህ ቤት ሰው ለራሱ አይቀዳም፤ ሌላው ነው የሚቀዳለት» አለች አክስቴ፣ ወደ ማንም ሳታይ።

እናቴ ወዲያው ጠርሙሱን ተቀብላ ብርጭቆውን እስከ አፉ ድረስ ሞላችለት። አረፋው በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሽማግሌው በሁለት እጁ ይዞ ጠጣላትና ወደ መጥበሻው ተመለሰ። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሰውዬውን አሳዳጊ አልበደለውም» አለችኝ። ስምንት ወር የቆየ በረዶ ትንሽ የቀለጠ መሰለኝ።

በዚህ መሃል የከሰል ጋሪ ደጁ ላይ ደርሶ አክስቴ ልትቀበል ወጣች። ሽማግሌውም ተከትሏት ሄደ። እናቴ ጥቂት ተቀመጠች። እጆቿን አየቻቸው። እናቴ ሰው እየሠራ መቀመጥ አይሆንላትም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሄዳ ዕቃ ታጥባለች። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣችና ወጥ ቤት ገባች። ተከተልኳት።

ወጥ ቤቱ ንጹሕ ነበር። እናቴ ግድግዳውን፣ ቢላዎቹን፣ የፎጣዎቹን አሰቃቀል አንድ በአንድ ተመለከተች። በሰፊ ሳህን የተበለተ ዶሮ አለ። ቢላዋው የት የት እንደገባ በጣቷ ዳሰሰች፤ አጥንት የተሰበረበት የለም። ፊቷ ለሰለሰ። ከጎኑ ሌላ ሳህን ተከድኖ ተቀምጦ ነበር። ከፈተችው። እስከ አፉ ድረስ የዶሮ ቆዳ ነበር።

«ውይ ልጄን!» አለች እናቴ። «ሥራ በዝቶባት ነው እንጂ ልጄ ቆሻሻ ከድና አታስቀምጥም ነበር።»

በስምንት ወር ውስጥ «ልጄ» የሚለውን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ያውም ሁለት ጊዜ። አፌን ልከፍት ነበር። «እማዬ፣ አይጣልም» ማለት ሁለት ቃል ነው። ነገር ግን ነጠላዋን ሚስማር ላይ ሰቅላ እጅጌዋን እየሰበሰበች ነበር፤ ድሮ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ የነበራት ፊት ተመልሶ ነበር። ያን ፊት ማጥፋት አልቻልኩም።

«ሎሚ አለ?» አለችኝ።

ሎሚ ፈልጌ ሰጠኋት።

ቆዳውን በጓሮ በር ወስዳ ለዘበኛው ውሻ ገለበጠችለት። ከዚያ ሥጋውን በሎሚና በጨው እያሸች ታጥበው ጀመር፤ አንድ ውኃ፣ ሁለት ውኃ፣ ሦስት ውኃ፣ እየነጣ እየነጣ ሄደ። እያጠበች ትንሽ ታንጎራጉር ነበር። ወጥ ቤቱ በሙሉ ሎሚ ሎሚ ሸተተ።

አክስቴ እጇ በከሰል ጠቁሮ ገባች። መጀመሪያ ያየችው የእናቴን የተሰበሰበ እጅጌ ነው፤ ፊቷ ሊበራ ጀመረ። ከዚያ ባዶውን ሳህን አየች።

«እዚህ የነበረውስ?»

«ጣልኩልሽ» አለች እናቴ፣ በኩራት።

አክስቴ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «እትዬ፣ የሦስት ቀን ነው እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬ ማታ የሰውዬው የመንገድ ሥራ ጓደኞች ይመጣሉ። አንደኛው ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ነው። በመጨረሻ ቀኔ የምበላው እሱን ነው ብሎ፣ ለሱ ነው ያጠራቀምነው።»

«ቆዳ?» አለች እናቴ። «ለእንግዳ? ቆዳ?»

«አዎ ቆዳ!» አክስቴ ብድግ አለች። «ይቅርታ ልትጠይቂኝ መጥተሽ ነው እንዲህ የምታደርጊኝ?»

«እኔ? እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው? አንቺ አይደለሽ እንዴ አፍሬ ነው ብለሽ የላክሽብኝ?»

«ማን ላከብሽ?»

ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ወደ እኔ ዞሩ። ያንን ዓይን ልገልጽልሽ አልችልም። እናቴ ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ አነሣች። ከዚያ በር ከወጣች ሁለተኛ እንደማትመለስ አውቅ ነበር፤ ያን ያደረግኩት ደግሞ እኔ ነኝ። «ሁለታችሁንም ዋሽቻችኋለሁ» ለማለት ሞከርኩ፤ የወጣልኝ ግን ልቅሶ ብቻ ነበር።

ሽማግሌው የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ባዶውን ሳህን አየ። የነጣውን ሥጋ አየ። አሸተተ።

«ቆዳ፣ የት?» አለ።

አክስቴ ቀድማ ከእናቴ ፊት ቆመች። «እኔ ነኝ የጣልኩት» አለችው። «ሳላስብ ጣልኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።» ከዚያ ከወገቧ አጎንብሳ፣ ጸጉሯ ፊቷን እስኪሸፍነው ድረስ ዝቅ አለች፤ ቀናም አላለችም።

እናቴ ነጠላዋን እንደያዘች ቀረች። አሳድጋታለች፤ ግን እንደዚያ ስታጎነብስ አይታት አታውቅም። ልጅ ሆና ብርጭቆ ስትሰብር ድመት ናት የምትል ልጅ ነበረች። ከዚያ ነጠላዋን መልሳ ሰቀለችው።

«ውሸቷን ነው ጌታዬ» አለችው። «እኔ ነኝ የጣልኩት። እሷ ምንም አላጠፋችም። ቆዳ ይጣላል ብዬ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። ሰዎቹ ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?»

ሽማግሌው የሁለቱን ፊት እያፈራረቀ አየ። ምን ያህሉን እንደተረዳ አላውቅም። አሥራ ሁለት ሰዓት መሆኑን በጣቱ ለማሳየት አሥሩንም ዘረጋ፤ አሥር ጣት ብቻ ስላለው እንደገና ሁለት ጨመረ።

«አንድ ሰዓት ተኩል አለን» አለች እናቴ። «አንቺ ልጅ፣ ማልቀስሽን ተይና ውኃ ጣጂ። ዘበኛው ይጠራልኝ።»

ከግቢው ጀርባ ዶሮ የሚሸጡ ሴትዮ ነበሩ። እናቴ ራሷ ሄዳ፣ የዶሮዎቹን ክንፍ እያነሣች እያየች፣ ሰቡ ያለችውን ስድስት ዶሮ መርጣ መጣች። ዘበኛው ጸሎቱን እያነበነበ ባረከ። በረንዳው ሥር በፈላ ውኃ እየነከርን ነጨን። እኔ አንዱን ስጨርስ እናቴ ሦስት ጨርሳለች። ላባው በፀሐዩ ላይ ይንሳፈፋል። ሽማግሌው ማራገቢያውን እንደያዘ ከበሩ ላይ ቆሞ የእናቴን እጅ ያይ ነበር። ቢላዋዋን ከዶሮው አንገት ሥር አስገብታ ቆዳውን እንደ ሸሚዝ ሳይቀደድ ስታወጣው፣ «ኦ!» አለ። ሁለተኛውንም ስታወጣ፣ «ኦ!» አለ።

ቆዳውን አክስቴ ተቀበለቻት። እየቆረጠች፣ ወዲያና ወዲህ እያጠፈች እንጨቱ ላይ ትሰካዋለች። እናቴ ጥቂት አይታ፣ «ጥልፍ አስመሰልሽው እኮ» አለች።

«ካልታጠፈ ይቃጠላል፤ እዪ፣ እንዲህ ነው» አለች አክስቴ።

እናቴ አየች። አንድ እንጨት አንሥታ ሞከረች፤ ጣቷን ወጋት። አክስቴ ሳታስበው ጣቷን ይዛ ጠረገችላት። ከዚያ በኋላ ጎን ለጎን ሠሩ። ብዙ አልተነጋገሩም፤ «ያንን አቀብዪኝ»፣ «ጠበቅ አድርጊው»፣ እንዲህ እንዲህ ብቻ። እኔን ማንም አላናገረኝም።

ፀሐይዋ ከቆርቆሮው ጫፍ ዝቅ ስትል ዘበኛው ቀዩን ፋኖስ አበራ። ሰዎቹ ደረሱ፤ አምስት ነበሩ፤ አቧራ የለበሰ ጫማ ያደረጉ፣ ፊታቸውን ፀሐይ ያጠቆረው። ሽማግሌው ጨውን ከላይ ከፍ አድርጎ እንደ ዝናብ በተነና እንጨቶቹን ፍሙ ላይ ደረደረ። ስቡ ሲንጠባጠብ እሳቱ ብልጭ ይላል፣ ጭሱ በፋኖሱ ብርሃን ቀይ ሆኖ ይወጣል። አገሩ ሊገባ የነበረው ሰው የመጀመሪያውን ሲቀምስ ዓይኑን ጨፈነ። ለረዥም ጊዜ አልገለጠውም። ጓደኛው ብርጭቆውን ሞላለት።

እናቴ ይህን ሁሉ ከወጥ ቤቱ በር ቆማ አየች።

አክስቴ አንድ እንጨት ይዛ መጣች። ከጫፉ አንዷን ቁራጭ በጣቷ አወጣች። ጭሷ ገና ይወጣ ነበር። እፍ እፍ አለችላት፤ ከዚያ ወደ እናቴ አፍ ዘረጋቻት። እጇ በአየር ላይ ቆየ። «እጅሽን አልቀምስም» የተባለው እጅ ነው፤ ከሰልና ሎሚ የሸተተ። እናቴ እጁን አየችው። ከዚያ እናቴ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች።

አኘከች። ቆም አለች። እንደገና አኘከች።

«ጨው አንሶታል» አለች።

አክስቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ተለወጠና ፊቷን በእናቴ ትከሻ ላይ ደበቀች። እናቴ በቅባት እጇ ጸጉሯን እንዳትነካ እጇን ወደ ላይ አንሥታ፣ በክንዷ ብቻ አቀፈቻት። ይቅርታ የሚለውን ቃል ያን ቀን ማንም አልተናገረውም። እኔ ያቺን እንጨት ባዶ ስትቀር ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ደብተሬ ውስጥ ከተትኳት። ስንወጣ ሽማግሌው ለእናቴ ጎንበስ ብሎ፣ «በርታ!» አላት።

ታክሲ ውስጥ እናቴ ጎኔ ተቀመጠች። ላንቻን አልፈን ስንሄድ ጭኔን እንባዬ እስኪመጣ ድረስ ቆነጠጠችኝ። «ሁለተኛ እንዳትዋሺ» አለች። እጇን ግን አላነሣችውም፤ ቤታችን እስክንደርስ ጭኔ ላይ ቆየ። ሁሉን ነገር በሎሚ የምታጥበው እናቴ፣ ጭስ ጭስ የሚሸተውን ያን ነጠላ ሳምንቱን ሙሉ አላጠበችውም።

ጃፓኑ ቤት አሁን የለም። ሽማግሌው ታሞ አገሩ ገባ፤ እንስራውን ለአክስቴ ሰጥቷት ሄደ። ቤቱ ፈርሶ በቦታው መስታወት የለበሰ ረዥም ሕንፃ ተሠራ፤ ባለፈው ክረምት በዚያ ሳልፍ ፋኖሱ የነበረበትን ቦታ ልለየው አልቻልኩም። አክስቴ ሐዋሳ ሄዳ የራሷን መጥበሻ ከፍታለች። በዓል ሲመጣ ገበያዋ ስለሚበዛ ቤት አትመጣም። ትደውላለች፤ እናቴ ስልኩን ይዛ ወጡ አጠገብ ትቆምና፣ «ጨውን ማን ይቀምስልኛል?» ትላታለች። ሁለቱም ይስቃሉ፤ እናቴ ቀድማ ትዘጋለች።

ባለፈው ፋሲካ ከዚህ ሄጄ ቤት ስገባ እናቴ ዶሮ ስትበልት ደረስኩ። ጣቶቿ አሁን እንደ ድሮው አይታጠፉም፤ ቀስ ትላለች። ቆዳውን ገፈፈች። የመጣያውን ባልዲ አቀረብኩላት።

«አትጣይው» አለችኝ።

ከጎኗ የተከደነ ሳህን ነበር። እዚያ አስቀመጠችው። ማን እንደሚጠብሰው አልጠየቅኳትም። ማታ ፍም ስታወጣ ግን፣ «ያቺ እንጨትሽ የት አለች?» አለችኝ። አምስት ዓመት ሙሉ መውሰዴን እንዳየች አልጠረጠርኩም ነበር። ዶርም ትቻት እንደመጣሁ ነገርኳት። «እንግዲያው በሚቀጥለው ይዘሻት ነይ» አለችና ሳህኑን መልሳ ከደነችው።

ስለዚህ ነው የጮህኩብሽ። አንቺ ያደረግሽው እናቴ ያን ቀን ያደረገችውን ነው፤ ሥራ በዝቶባታል ብለሽ አጸዳሽልኝ። በእኛ ቤት ይቅርታ አይባልም፤ ጨው አንሶታል ነው የሚባለው። እኔ ግን አንቺን አክስቴ እህቷን የምታውቃትን ያህል ስለማላውቅሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ ልበልሽ። እንጨቷን ደብተሬ ውስጥ መልሻታለሁ። ብትወድቅ እንኳ እባክሽ አትጣያት።